ድንጋይ የሚያበቅል ኤሌክትሪክ

ጨው በገንዘብ ፈንታ ይሠራበት በነበረው ዘመን፥ አሞሌ የሚባለው የጨው ጡብ ከሰሜን ምሥራቅ ቈላ ተነሥቶ፥ በግመልና በአህያ በበቅሎም ተጭኖ፥ ተራራውንና ሸለቆውን እያቋረጠ እስከ ጅማና እስከ ከፋ ገበያ ድረስ ይደርስ ነበር። ከመነሻው በራቀ ቍጥር ዋጋው እየከበደ ስለሚሄድ፥ በደቡብ ምዕራብ ባለው የቡና አገር አሞሌ እንደ ብር ተቈጥሮ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ በአማን ወይም በቴፒ ያለች የቤት እመቤት ጨው ከሱቅ ገዝታ ከወጥዋ ስትጨምር፥ ነገሩ የመጣበትን አገር አስባው አታውቅ ይሆናል። ነገር ግን የአሞሌው አገር ልንነግራችሁ ለፈለግነው ጉዳይ ዋና ምስክር ነውና ከዚያ እንጀምራለን።

አሞሌ የሚቈረጥበት፥ በአፋር ምድር ያለው የዳናክል ዝቅተኛ ቦታ፥ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የወረደ ነው። በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር በሰሜን በኩል ገብቶ ይህን ጐድጓዳ ምድር ሞልቶት ነበር። ኋላ ግን ምድሩ እየተነሣ፥ የባሕሩም ውሃ እየወረደ፥ መግቢያው በተዘጋ ጊዜ በውስጥ የቀረው ውሃ በፀሐይ ደርቆ ጨው ሆነ። በዚያ ጐድጓዳ ዳር ዳሩን የሚሄድ መንገደኛ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያያል፤ ይኸውም ጠብታ ውሃ በሌለበት በረሓ፥ ቅርንጫፉና ቀዳዳው ሳይጠፋ፥ ድንጋይ ሆኖ የቆመ የባሕር ፍጥረት ነው። ይህም ኮራል ነው። የድንጋይ ዕድሜ የሚመረምሩ ሊቃውንት ከዚህ ኮራል ከፊሉ 125 ሺህ ዓመት ያህል እንደ ሆነው ይናገራሉ። እንግዲህ አገራችን ዛሬ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም በምድርዋ ላይ የኮራል ቅጥር አላት፤ ነገር ግን የሞተ ቅጥር ነው። ውሃው ሲርቀው ሞተ፤ ማንም ሊያድነው አልቻለም፥ ያን ጊዜ የሚያድነውም አልነበረም።

ዛሬ በሕይወት ያለው ኮራል ደግሞ በሌላ ምክንያት እየሞተ ነው፤ በአንጻሩም ይህን ፍጥረት በኤሌክትሪክ ኃይል ለማሳደግና ለማዳን የሚጥሩ ሰዎች ተነሥተዋል። ኤሌክትሪክና የባሕር ውሃ ሲገናኙ የሚታሰበን አደጋ ብቻ ስለ ሆነ፥ ነገሩ በመጀመሪያ ሲሰማ ተረት ይመስላል። ተረት ግን አይደለም። እስከ ምን ድረስ እውነት እንደ ሆነ እንመልከት። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ኮራል የሚለው ስም ከፈረንጆች የመጣ ነው፤ ዐረቦች መርጃን ይሉታል። በአገራችን ብዙ ሰው ከባሕር የሚወጣውን ነገር በጅምላ ዛጎል ብሎ ይጠራዋል፤ ሆኖም እናቶቻችን በአንቀልባ ላይ እየደረደሩ የሚሰፉት ዛጎል የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት ነው፥ ኮራል ግን ሌላ ነው። ኮራልን ከሩቅ ሲያዩት ድንጋይ፥ ቀርበው ሲያዩት አበባ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን እንስሳ ነው። እያንዳንዱ እንስሳ አብዛኛውን ጊዜ ከአተር ፍሬ የማይበልጥ፥ እንደ ከረጢት ለስላሳ የሆነ፥ በአፉ ዙሪያ ጥቃቅን ክንዶች ያሉት ነው። ከባሕሩ ውሃ ኖራ እየወሰደ ከሥሩ ጽዋ የሚመስል የድንጋይ ቤት ይሠራል። ያ ትውልድ ሲያልፍ ተከታዩ በአባቱ ቤት ላይ የራሱን ቤት ይሠራል፤ እንዲህ እየተደራረበ በብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ መርከብ የሚያቆም ቅጥር ይሆናል። በአውስትራሊያ ጠረፍ ያለው ታላቁ ቅጥር ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ይህን ሁሉ የሠሩት እነዚያ የአተር ፍሬ የሚያህሉ ግንበኞች ናቸው።

ይህ እንስሳ ብቻውን አይኖርም። በሥጋው ውስጥ አልጌ የሚባሉ፥ በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን እንግዶች ያድራሉ። እንግዶቹ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃሉ፥ ከዚያም አብዛኛውን ለባለቤቱ ይለግሳሉ፤ ባለቤቱም ማደሪያና ጥበቃ ይሰጣቸዋል። የኮራሉ ቀለም እንኳ በብዛት ከእንግዶቹ የሚገኝ ነው። ይህን ለቡና አገር ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። ቡናው በዋንዛና በሳሳ ጥላ ሥር እንደሚያድር፥ ጥላውንም የቈረጠ ሰው ቡናውን እንደሚጐዳ፥ በሚዛንና በቴፒ ዙሪያ የሚኖር ገበሬ ከአባቱ ተምሮታል። በባሕርም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ከሌላው ከተለየ ሁለቱም ይጐዳሉ።

የኮራል ቅጥር የሚሸፍነው ቦታ ከባሕር ወለል ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን ከታወቁት የባሕር ፍጥረታት ዐይነቶች አንድ አራተኛው ያህል በዚያ ይጠለላሉ፥ በዚያም ይመገባሉ። ማዕበል ከጠረፉ ሳይደርስ የሚሰብረው እርሱ ነው። ቤትም ሆኖ አገልግሏል፤ የምጽዋ ከተማ አሮጌ ቤቶች የተሠሩት ተጠርቦ ከወጣ የኮራል ድንጋይ ነው። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችበት ዘመን፥ በ1962፥ የእስራኤል ተመራማሪዎች ወደ ዳህላክ ደሴቶች መጥተው የዚያን ባሕር ዓሣና ኮራል ሰብስበው አጥንተዋል፤ በ1965ም ተመልሰው መጥተዋል። ኤርትራ በ1993 ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ያ ጠረፍ የእርስዋ ነው።

አሁን ወደ በሽታው እንመለስ። ኮራል ሙቅ ውሃ ይወዳል፤ ነገር ግን ልኩ ጠባብ ነው። ባሕሩ ከለመደው የበጋ ሙቀት አንድ ዲግሪ ብቻ ጨምሮ ለጥቂት ሳምንታት ከቆየ፥ በኮራሉና በእንግዶቹ መካከል ያለው ስምምነት ይፈርሳል። ኮራሉ አልጌዎቹን ከሥጋው ያስወጣል፥ ቀለሙም ይጠፋና ነጭ አጥንቱ በለስላሳው ሥጋ ውስጥ ይታያል። ሊቃውንቱ ይህን «መንጣት» ይሉታል። የነጣ ኮራል ገና አልሞተም፤ ረኃብተኛ ነው። ውሃው ፈጥኖ ከቀዘቀዘ እንግዶቹ ተመልሰው ሊድን ይችላል፤ ካልቀዘቀዘ ግን ይሞታል። በ1998 ይህ መቅሠፍት ዓለምን ሁሉ አዳርሶ፥ በህንድ ውቅያኖስ ብዙ ቅጥሮችን አጠፋ። ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ መጥቷል፤ በ2023 የጀመረው አራተኛው ዓለም አቀፍ መንጣት በዓለም ካሉት የኮራል ቅጥሮች ከመቶ 80 የሚበልጠውን ለሚያነጣ ሙቀት አጋልጧል። በዚህ ላይ የሰው እጅ አለበት፤ ዓሣን በድማሚት የሚያጠምዱ፥ በመርዝም የሚያደነዝዙ ሰዎች የሺህ ዓመት ግንብ በአንድ ቀን ያፈርሳሉ።

ለዚህ ሕመም መድኃኒት ሆኖ የቀረበው የኤሌክትሪክ ብልሃት የተገኘው ግን መድኃኒት ሲፈለግ አልነበረም። ቮልፍ ሂልበርትስ የሚባል በጀርመን አገር የተወለደ የሕንፃ መሐንዲስ በአሜሪካ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ይህ ሰው በ1970ዎቹ ዓመታት አንድ ነገር ያስብ ጀመር፤ ቀንድ አውጣና ኮራል ከባሕር ውሃ ኖራ አውጥተው ቤት መሥራት ከቻሉ፥ ሰውስ ሲሚንቶ በእሳት ከሚያቃጥል ይልቅ ቤቱን በባሕር ውስጥ ለምን አያሳድግም? አለ። በባሕር ውስጥ የብረት ክፈፍ አኑሮ ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል ቢያሳልፍበት፥ ብረቱ ነጭ ድንጋይ ለበሰ። በ1979 ስለ ሥራው በአንድ የመሐንዲሶች መጽሔት ጻፈ፤ በ1981ም የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። አሳቡ ከዚህም አልፎ በባሕር መካከል ደሴትና ከተማ እስከ ማሳደግ ይደርስ ነበር፤ በ2002 በህንድ ውቅያኖስ ሳያ ደ ማልሃ ወደሚባለው የባሕር ውስጥ ደልዳላ ቦታ እስከ መሄድ ደርሷል። ሂልበርትስ በ2007 ዐረፈ፤ ከተማውም አልተሠራም። እኛን ቢጠይቁን፥ ከከተማው ይልቅ ከዚያ አሳብ የተረፈው ትንሹ ነገር ይበልጣል እንላለን።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን በቤታችን ባለው ዕቃ ማስረዳት ይቻላል። ኖራ የበዛበት ውሃ በሚጠጣበት አገር፥ ውሃ የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ከጊዜ ብዛት በውስጡ ነጭ ቅርፊት ያበጃል። ቅርፊቱ ከውጭ የገባ አይደለም፤ በውሃው ውስጥ ሟሙቶ ሳይታይ ይኖር የነበረ ኖራ ነው። ውሃው ሲፈላ ጠባዩ ስለሚለወጥ ኖራው ሟሙቶ መኖር ያቅተዋል፥ ስለዚህም በብረቱ ላይ ይለጠፋል። በባሕር ውሃም ካልሲየምና ማግኒዥየም የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ሟሙተው በብዛት ይኖራሉ። እሳት በማንቆርቆሪያው የሚሠራውን፥ ኤሌክትሪክ በባሕር ይሠራዋል ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከብረት ዘንግ የተበየደ ክፈፍ በባሕሩ ወለል ይቀመጥና ከኤሌክትሪኩ አሉታዊ ጫፍ ጋር በሽቦ ይገናኛል። ከዚያ ራቅ ብሎ ከቲታኒየም የተሠራ ትንሽ መረብ ከአወንታዊው ጫፍ ጋር ይታሰራል። ኃይሉ ደካማ ነው፤ ከጥቂት ቮልት እስከ 12 ቮልት፥ ማለት የመኪና ባትሪ የሚሰጠውን ያህል ነው። ኃይሉ ሲያልፍ በብረቱ ላይ ውሃው ይከፈላል፤ ሃይድሮጅን የሚባለው አየር እንደ አረፋ ወደ ላይ ይወጣል፥ ብረቱን የሚነካው ውሃም የአመድ ውሃ ጠባይ ይይዛል። በዚህ ዐይነት ውሃ ውስጥ ኖራ ሟሙቶ መቈየት ስለማይችል በብረቱ ላይ እየረጋ ይደነድናል። በሌላው ጫፍ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ኦክስጅንና ክሎሪን ይወጣሉ፥ ውሃውም እንደ ኮምጣጤ ይሆናል። ተራ ብረት በዚያ ቢቀመጥ ተበልቶ ያልቃል፤ ቲታኒየም የተመረጠውም ስለዚህ ነው። በአሉታዊው በኩል ያለው ብረት ኃይሉ እስካልተቋረጠ ድረስ አይዝግም።

በዚህ ሥራ ችኰላ አይጠቅምም። ኃይሉ በልክ ሆኖ በዝግታ ሲሄድ፥ በዓመት ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚወፍር፥ ከግንብ ሲሚንቶ የማያንስ ጠንካራ የኖራ ድንጋይ ይበቅላል። ኃይሉን ያበዙበት እንደ ሆነ ግን ማግኒዥየም የበዛበት፥ በጣት ሲነኩት የሚፈረፈር ለስላሳ ነገር ይወጣል።

የልጆች አባትና እናት የሆናችሁ አንባብያን፥ የነገሩን መጀመሪያ በቤታችሁ ልታሳዩ ትችላላችሁ። በአንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጥቂት ጨው አሟሙታችሁ፥ ሁለት ምስማር ሳይነካኩ አግቡበት፤ ሁለት የባትሪ ድንጋይ አቀጣጥላችሁም በሽቦ ከምስማሮቹ ጋር አገናኙ። ካንዱ ምስማር ጥቃቅን አረፋ ሲነሣ፥ ሌላው ሲዝግና ውሃውን ሲያደፈርስ ልጆቹ ያያሉ። ያረፋው ምስማር በባሕር ውስጥ ያለው ክፈፍ ምሳሌ ነው። ይህን መስኮት ከፍታችሁ፥ ከልጆቹ ሳትለዩ፥ በባትሪ ድንጋይ ብቻ አድርጉት። በቤት ግድግዳ ያለው 220 ቮልት ገዳይ ስለ ሆነ፥ እርሱን ከውሃ ጋር ማገናኘት ፈጽሞ አይገባም።

የሂልበርትስ ድንጋይ ከኮራል ጋር የተገናኘው ቶማስ ጎሮ በሚባል የባሕር ሊቅ ምክንያት ነው። ጎሮ በጃማይካ ያደገ፥ አባቱም የዚያን ደሴት ኮራል በመመርመር የታወቀ ሰው ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሁለቱ ተባብረው፥ በማዕበል የተሰበሩ የኮራል ቅርንጫፎችን ከወለሉ እየለቀሙ በክፈፉ ላይ ማሰር ጀመሩ። አሳቡ ግልጽ ነው። ኮራል ድንጋዩን ሲገነባ ኮምጣጣውን ውሃ ከሥሩ ለማስወጣት ብዙ ጕልበት ያወጣል፤ በክፈፉ ላይ ግን ኤሌክትሪኩ ያን ሥራ በከፊል ስለሚሠራለት፥ የተረፈውን ጕልበት ለማደግና ቍስሉን ለማዳን ያውለዋል። ጎሮና ባልደረቦቹ በዚህ መንገድ ኮራል ከሁለት እስከ ስድስት እጅ ፈጥኖ ያድጋል ብለው ጽፈዋል። በማልዲቭ ደሴቶች ያኖሩት ክፈፍ በ1998ቱ መቅሠፍት ጊዜ ሲፈተን፥ በዙሪያው ያለው ቅጥር አብዛኛው ሲሞት በክፈፉ ላይ ያለው ኮራል ግን አብዛኛው ተረፈ ብለው መስክረዋል።

ከሁሉ ይልቅ ስሙ የተነሣው ቦታ በኢንዶኔዥያ፥ በባሊ ደሴት ሰሜን ጠረፍ ያለው ፐሙተራን የሚባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። ደረቅና ድኻ አገር ነበረ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓሣ አጥማጆቹ በድማሚትና በመርዝ ቅጥሩን አፍርሰውት፥ የሞቀውም ባሕር የቀረውን አንጥቶት ነበር። በ2000 የመጀመሪያዎቹ ክፈፎች ወደ ባሕሩ ወረዱ። ኤሌክትሪኩ ከጠረፍ በገመድ ይሄዳል። ክፈፎቹ በዓመታት ብዛት በዝተው ኮራልና ዓሣ ሞላባቸው፤ ጠላቂዎችና አገር ጐብኚዎች መጡ፥ ቀድሞ ድማሚት ይጥል የነበረውም ሰው በጀልባው እንግዳ ማመላለስ ያዘ። ሥራው ካራንግ ለስታሪ በሚባል ስም በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አገኘ።

በዚህ ስፍራ ቆም ብለን እናስብ። የፐሙተራንን ባሕር የመለሰው ምንድን ነው? ሽቦው ነው ወይስ ሰው? መንደሩ ድማሚትን ከልክሎ በባሕሩ ላይ የራሱን ዘበኛ አቁሟል። ዘበኛ ባይኖር ክፈፉ ምንም ያህል ኖራ ቢለብስ አንድ ድማሚት ይበቃው ነበር። ደግሞም ዘበኛ ቆሞ ክፈፍ ባይኖር ኖሮ ቅጥሩ በራሱ ጊዜ ምን ያህል ያገግም እንደ ነበር ማወቅ ያስቸግራል። ጥንቁቅ ተመራማሪዎች የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ከላይ የጠቀስነው የዕድገት መጠን የተነገረው በፈጣሪዎቹ አፍ መሆኑን አንባቢ ማስተዋል አለበት። ሌሎች ሰዎች ሲመረምሩት መልሱ አንድ አልሆነም። በፊሊፒንስ ፖራይትስ በሚባለው የኮራል ወገን ላይ የተደረገና በ2002 የታተመ ጥናት ጥቅም እንዳየ ገልጿል። በ2010 የታተመ፥ በኢንዶኔዥያ የተደረገ ሌላ ጥናት ግን፥ የአንድ ዘር የሆኑ ሁለት የኮራል ዐይነቶች እንኳ ለኤሌክትሪኩ የሰጡት መልስ የተለያየ መሆኑን አሳይቷል። ለአንዱ ወንድም የበጀ መድኃኒት ለሌላው አልበጀም ማለት ነው። ብረቱ ኖራ መልበሱ በማንም አልተካደም፤ ክርክሩ ያለው በኮራሉ ሕይወት ላይ ነው።

ሌላም ችግር አለ፤ ይህም ለገጠር ሰው እንግዳ አይሆንም። የኤሌክትሪክ ሥራ ጠባቂ ይፈልጋል። ማዕበል ገመዱን ሲቈርጠው፥ ወይም የሚጠግነው ባለሙያ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ፥ ኃይሉ ይቋረጣል፤ ያልተሸፈነው ብረትም መዛግ ይጀምራል። ለአንድ ትንሽ ክፈፍ የሚያስፈልገው ኃይል ከአንድ አምፑል ባይበልጥም፥ ያ ኃይል ቀንና ሌሊት ለዓመታት ሊቀጥል ይገባዋል። አንድ የውሃ ፓምፕ ተመርቆ በሁለተኛው ዓመት ዕቃው ጠፍቶ ቆሞ ያየ መንደር ይህን ብዙ ሳያስረዱት ይገባዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመጠን ነገር ነው። ክፈፍ የሚለካው በሜትር ነው፥ የሞቀው ግን ውቅያኖስ ነው። ኤሌክትሪክ ለተሰበረ ቅርንጫፍ መቆሚያ ይሰጣል፥ ኖራም ያቀብላል፤ ውሃውን ግን አያቀዘቅዝም። በፐሙተራንም ሆነ በሌላ ስፍራ የቆመው ክፈፍ ችግኝ ማፍያ እንጂ ደን አይደለም። «ብልሃቱ ተገኝቷልና ባሕሩ ቢሞቅም ግድ የለም» የሚል ሰው ቢኖር፥ የችግኝ ማፍያውን አጥር እያሳመረ ደኑን ለእሳት እንደሚተው ሰው ነው።

የደቡብ ምዕራብ ሰው ይህን የባሕር ጉዳይ ከራሱ ቤት ጉዳይ ጋር ሊያስተያየው ይችላል። የዓረቢካ ቡና የትውልድ አገሩ ይህ ደን ነው፤ ከፋና ያዩ በ2010፥ ሸካ ደግሞ በ2012 በዩኔስኮ የሕያዋን ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ ገብተዋል። ቡናም እንደ ኮራል የሙቀት ልክ አለው። የአዲስ አበባና የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች በ2017 ባወጡት ጥናት፥ ሙቀቱ በዚሁ ከቀጠለ በዚህ ምዕተ ዓመት መጨረሻ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ ምድር ከመቶ 39 እስከ 59 የሚሆነው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ገምተዋል። ሆኖም ተስፋም ጨምረዋል፤ ቡናው ወደ ደጋ ከፍ ብሎ ቢተከል ብዙ አዲስ ቦታ ያገኛል ብለዋል። ኮራል ግን የሚወጣበት ደጋ የለውም። በተወለደበት ድንጋይ ላይ ተተክሎ ይኖራል፤ ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄደው ገና በውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ያለው እጭ ብቻ ነው።

ከቡናችን ታሪክ ለኮራል ሐኪሞች የሚጠቅም ሌላ ነገር ደግሞ አለ። በ1971 የቡና ፍሬን እያጠቈረ የሚያረግፍ በሽታ በአገራችን ታየና ብዙ ገበሬ አስለቀሰ። መድኃኒት መርጨት ብቻ አልበቃም። የጅማ ተመራማሪዎች በታመመው ቡና መካከል እየዞሩ፥ ጎረቤቱ ሁሉ ሲረግፍ እርሱ ፍሬውን እንደ ያዘ የቆመውን ዛፍ ፈለጉ፤ ከእርሱም ዘር ወሰዱ። እንደ 74110 እና እንደ 74112 ባሉት የቡና ዐይነቶች ስም መጀመሪያ ላይ ያለው 74 የተመረጡበትን ዘመን የሚያመለክት ነው። መፍትሔው የተገኘው ከራሱ ከደኑ ነው፤ ደኑ ባይኖር ኖሮ የሚመረጥ ዛፍ አይገኝም ነበር።

በባሕርም ይህን የመሰለ ፍለጋ ተጀምሯል፤ ፍለጋውም ወደ ሰፈራችን ይመልሰናል። በቀይ ባሕር ሰሜን ጫፍ፥ በዓቃባ ወሽመጥ ያለው ኮራል ከሌላው ቦታ ኮራል ይልቅ ሙቀት ይችላል። ተመራማሪዎች በ2013 ለዚህ አንድ ምክንያት አቅርበዋል። ያ የዓለም ብርድ ዘመን ሲያልፍ ኮራል ወደ ቀይ ባሕር እንደ ገና የገባው በደቡብ በኩል፥ በባብ ኤል መንደብ ነው። የደቡቡ ውሃ እጅግ ሞቃት ስለ ሆነ፥ ሙቀቱን ያልቻለው እጭ በመንገድ ቀረ፤ የቻለው ብቻ አልፎ ወደ ቀዝቃዛው ሰሜን ደረሰና ዘሩን በዚያ አበዛ ይላሉ። ያ የመፈተኛ በር ከዳህላክና ከአፋር ጠረፍ ፊት ለፊት ያለው ውሃ ነው። ስለዚህ ዛሬ ክፈፍ የሚያቆሙ ሰዎች ከሽቦውና ከቮልቱ አስቀድመው የሚከራከሩበት ጥያቄ፥ በብረቱ ላይ የሚታሰረው ስብራት ከየትኛው ኮራል ይምጣ የሚለው ነው።